ሁዳዴን ከአረጋዊ እናትና አባት ጋር መጾም፦ ከነነዌ እስከ ዳግም ትንሣኤ ደረጃ በደረጃ

ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። “እናቴ ስኳርና ግፊት አለባቸው። አይጹሙ ስላቸው ይቆጡኛል። እሳቸውን ስጠብቅ ደግሞ ቅዳሴው ያመልጠኛል። ጾሙን ልያዝ ወይስ እሳቸውን?” መልሱ ሁለቱንም ነው። ግን ሁለቱ አብረው የሚሄዱት አስቀድማችሁ ከተዘጋጃችሁ ብቻ ነው። ጾሙ በገባበት ሰኞ ጠዋት መላ ልፈልግ ያለ ሰው እስከ ዓርብ ወይ ራሱ ይደክማል፣ ወይ ወላጁን ያስቀይማል።

መመሪያው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚጾም ቤት የተዘጋጀ ነው። መነሻው ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ቦታዎች ናቸው። በኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ሲዘረዘር ከሥጋ ዘመድ አለመሸሸግ አብሮ ተቆጥሯል። በማርቆስ 7 ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጸው ለእናትና ለአባት የሚገባውን “ቁርባን ነው” እያሉ ስላስቀሩባቸው ነው። ስለዚህ የዕለት ፕሮግራም ስታወጡ መጀመሪያ የሚሰፍረው የወላጅ ሰዓት ነው፤ ቅዳሴውም፣ ንባቡም፣ ሥራውም በዙሪያው ይደረደራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወላጅ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ የተዘረዘረበት ወረቀት፦ ስም፣ መጠን፣ የሚወሰድበት ሰዓት። ከሱቅ የሚገዛ ማስታገሻም ይግባበት።
- የደም ግፊት መለኪያ፤ ስኳር ካለ የስኳር መለኪያ ከነስትሪፑ፤ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ስኳር ያለበት ዕቃ።
- ጥራጥሬ፦ ለአንድ ሰው በቀን 100 ግራም ያህል ደረቅ ክክ፣ ምስር ወይም ሽሮ ብትይዙ ለ55 ቀን 5 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ለሦስት ሰው ቤት 16 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ከጾሙ በፊት ግዙ፤ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ዋጋው ይንራል።
- ሱፍ፣ ተልባ፣ የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት፣ ሎሚ፣ ጎመን።
- በትልልቅ ፊደል የታተመ ውዳሴ ማርያምና መዝሙረ ዳዊት፤ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር።
- ደብተርና እስክሪብቶ።

ደረጃ 1፦ ነነዌ ሲገባ ሁለት ቀጠሮ ያዙ

ጾመ ነነዌ ሰኞ ሲገባ ዐቢይ ጾም ልክ 14 ቀን ይቀረዋል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት መጀመሪያ ወደ ሐኪም፣ ቀጥሎ ወደ ንስሐ አባት ይኬዳል። ቅደም ተከተሉ አይገላበጥ። ንስሐ አባት የሚወስኑት የሕመሙን ልክ አውቀው ስለሆነ ሐኪሙ ያለውን ይዛችሁ ስትቀርቡ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል።

ለሐኪሙ የመድኃኒቱን ወረቀት ስጡና እያንዳንዱን ጠይቁ። በተለይ እነዚህን አትዝለሉ፦

- ኢንሱሊንና ግሊበንክላማይድ። ምግብ ሳይበላ ከተወሰዱ ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳሉ። ሰዓቱም መጠኑም ሊቀየር ይችላል፤ የሚቀይረው ግን ሐኪሙ ብቻ ነው።
- ሽንት የሚያሸኑ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች (ፉሮሴማይድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ)። ውሃ ሳይጠጣ በተዋለበት ቀን ያደርቃሉ፤ አረጋውያን ከአልጋ ሲነሱ ዞሮባቸው የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።
- ዋርፋሪን። በጾም ጎመንና ቆስጣ በአንድ ጊዜ ሲበዛ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ጎመን አይከለከልም፤ የሚያስፈልገው ከሳምንት ሳምንት መጠኑን እኩል ማድረግና የደም ምርመራውን ቀን አለማሳለፍ ነው።
- ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቆስላሉ።
- ኩላሊት የታመመ ወላጅ ካለ ጥራጥሬ፣ ድንችና ቲማቲም ምን ያህል እንደሚፈቀድ። የጾም ማዕድ በፖታሲየም የበዛ ነው።

ለንስሐ አባት ስትነግሩ “እናቴ ታማለች” ብላችሁ አታሳጥሩት። ጾሙ ሁለት ነገር አለው፦ ሰዓቱና የምግቡ ዓይነት። ብዙ አረጋውያን እስከ 9 ሰዓት መቆየት ባይችሉም ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል) መከልከል ይችላሉ። ሐኪሙ የቱን እንደከለከለ ለይታችሁ ተናገሩ። ወላጃችሁ የሚቆርቡ ከሆነም አንሡት፤ ለቁርባን 18 ሰዓት መጾም ስለሚጠበቅ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በራሱ ግምት የሚገባበት ነገር አይደለም።

ከተቻለ ወላጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልሆነም አባን ቤት ጥሩ። “እማዬ፣ ቁርስ ይብሉ” የሚለው ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ ትእዛዝ ይመስላል፤ ዕድሜ ልካቸውን ጾመው ያሳደጓችሁ እናት ከልጃቸው ትእዛዝ አይቀበሉም፣ ሊቀበሉም አይገባም። ያው ቃል ከንስሐ አባታቸው ሲመጣ ቀኖና ነው፤ ቁርስ መብላታቸው መታዘዝ ይሆንላቸዋል። ክርክሩ በአብዛኛው እዚህ ላይ ይበርዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ “ጠበል እየጠጣሁ ነው” ተብሎ የስኳር፣ የግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት አይቋረጥም። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዳሉ። ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ጠበል ከመጠጣቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

ደረጃ 2፦ ከቅበላ በፊት ይቅርታ ጠይቁ

ይህን ወደ ሕማማት የሚገፉት ብዙ ናቸው። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ተኳርፎ የተጾመ ሰባት ሳምንት ምን እንደሚሆን ማቴዎስ 5፡23-24 ነግሯል፤ መባውን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። ሁለተኛ፣ በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለምም ሆነ ጸሎተ ፍትሐት ስለሌለ ንስሐ ለመግባት ያሰበ ሰው ከሆሣዕና በፊት መጨረስ አለበት።

አጠያየቁ አጭር ይሁን። የበደላችሁትን በስሙ ጥሩት፦ “አባዬ፣ ባለፈው በገንዘቡ ጉዳይ ድምፄን ከፍ አድርጌብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።” “ሳላውቅ ያስቀየምኩዎት ካለ” የሚለው አነጋገር ይቅርታ አይደለም፤ ጥፋቱን መልሶ እሳቸው ላይ ይጥላል። ይቅር ካሏችሁ በኋላ ጉልበት ስማችሁ ምርቃት ተቀበሉ። ለረጅም ጊዜ ያልተነጋገራችሁ ከሆነ ሽማግሌ ወይም ንስሐ አባት ይቅደሙ፤ በር ላይ በድንገት ብቅ ማለት አንዳንዱን ወላጅ ያስደነግጠዋል።

ደረጃ 3፦ የገንዘቡን ድርሻ ለዩ

ዐቢይ ጾም 8 ሳምንት ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ብቻ ሲቆጠር 40 ቀን ይሆናል። በሥራ ቀን ምሳ ትገዙ ከነበረ 40 ምሳ ቀርቷል ማለት ነው። የአንዱን ዋጋ በ40 አባዙና ገንዘቡን ገና ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ። ካልተለየ በማኪያቶና በትራንስፖርት ያልቃል።

ከዚያ መጀመሪያ የሚወጣው የወላጅ መድኃኒትና የምርመራ ወጪ ነው፣ ቀጥሎ ምጽዋት። በማርቆስ 7 የተነገረው ተግሣጽ እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል፦ የእናትን የመድኃኒት ብር ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መስጠት ስጦታ አይባልም። ወንድምና እኅት ካላችሁ ድርሻውን በጽሑፍ አድርጉት። “ሁላችንም እናግዛለን” የተባለበት ቤት መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን የምትሸከምበት ቤት ነው።

ደረጃ 4፦ የቀኑን ሰዓት አውጡ

በጾም የሥራ ቀን ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ሲወጣ 9 ሰዓት ያልፋል። አስቸጋሪው ሰዓት እንግዲህ ከ5፡30 እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው። መነሻ የሚሆን ፕሮግራም፦

1. 12 ሰዓት፦ የነግህ ጸሎት፣ ከወላጅ ጋር።
2. 1፡30፦ የወላጅ ግፊትና ስኳር ይለካል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። የተፈቀደላቸው ቁርስ ከመድኃኒታቸው ጋር።
3. 5 ሰዓት፦ ውሃና መክሰስ። አረጋውያን ውሃ ጥሙ ብዙም ስለማይሰማቸው “ጠምቶዎታል?” ብላችሁ አትጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ አቅርቡ።
4. ከ5፡30 እስከ 10 ሰዓት፦ ተረኛው ቤት ይቀራል፣ ሌላው ያስቀድሳል። ተራው በየቀኑ ይለዋወጥ።
5. 10 ሰዓት፦ ዋናው ማዕድ፣ አንድ ላይ።
6. 1 ሰዓት ማታ፦ የማታ መድኃኒት፣ ቀለል ያለ እራት፣ የዕለቱ ንባብ።

ተረኛ የሚሆን ሌላ ሰው ከሌለ የሥራ ቀኑን ቅዳሴ ትታችሁ ቅዳሜና እሑድን ያዙ፤ ንስሐ አባታችሁም እንዲያውቁት አድርጉ። ወላጅን ብቻቸውን ቆልፎ መሄድ ግን የማይታሰብ ነው። ስኳር የሚወርደው ማንም ቤት በሌለበት በዚያው ሰዓት ነው።

ስኳር ሲወርድ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ የንግግር መደናገር ይታያል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው አጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ፤ ሲወጣ ምግብ ስጡ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አታፍስሱ፤ ትን ሊላቸው ይችላል። በጎን አስተኝታችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱ። በጾም ሰዓት ስኳር መጠጣት ጾም ያስፈርሳል ብለው እምቢ እንዳይሉ በዚህ ጉዳይ ንስሐ አባት አስቀድመው ፈቃድ ይስጧቸው።

ደረጃ 5፦ ማዕዱን ለእሳቸው ጥርስና ሆድ አብስሉ

የጾም ወጥ ለጤነኛ ጎልማሳ ጥሩ ነው። ጥርስ ለሌላቸውና ሆዳቸው ለሚነፋ ሰው ግን እንደተለመደው ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው “በቃኝ” ይላሉ፤ ቤተሰቡም ጾም ስለሆነ ነው ይላል። በ55 ቀን ውስጥ ልብሳቸው የሚሰፋባቸው እንዲህ ነው።

ክክና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉና በአዲስ ውሃ ቀቅሉ፤ የሆድ መነፋት ይቀንሳል። ሽሮው ሲፈጭ ጨው አይግባበት፤ ከገባ በኋላ መቀነስ አይቻልም፣ ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ የቀኑ ጨው ከዚያ ብቻ ሊሞላ ይችላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁ፤ በምስር ውስጥ ያለው ብረት በደንብ እንዲዋሐድ ይረዳል። ቡናና ሻይ የብረቱን መዋሐድ ስለሚቀንሱ ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቁ። የቡናውን ሥነ ሥርዓት መከልከል አያስፈልግም፣ ትንሽ ማዘግየት ይበቃል።

ጥርስ ለሌላቸው ሱፍ ፍትፍትን የሚያህል የለም። አሠራሩ፦

1. አንድ ብርጭቆ ሱፍ ለቅማችሁ ጠጠሩን አውጡ፤ በምጣድ ላይ በዝግታ አመስ አድርጉት። ቀለሙ ሳይጠቁር ሽታው ሲወጣ ይነሣ። ያረረ ሱፍ ውሃውን ያመረዋል፣ መመለሻም የለውም።
2. ቀዝቅዞ ይፈጭ ወይም ይወቀጥ።
3. በ3 ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉ። ጨርቁን ጨብጣችሁ እስከ መጨረሻው ጭመቁት፤ ወተት የመሰለው ወፍራም ክፍል የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። አተላው ይጣል፤ ቅርፊቱ ጉሮሮ ይቧጥጣል።
4. የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ትንሽ ጨው ጨምሩ። ቃሪያው ለሚችል ሰው ብቻ።
5. እንጀራውን አድቅቃችሁ ፈትፍቱና 10 ደቂቃ ይረፍ። ወዲያው ከቀረበ እንጀራው አይርስም።

ተሠርቶ ያደረ የሱፍ ውሃ ይጎመዝዛል፤ የዕለቱን ለዕለቱ አድርጉ።

ለቁርስ የአጃ አጥሚት ይመቻል። 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ በሚፈላ 2 ብርጭቆ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ በትንሽ እሳት። ዱቄቱ ፍል ውሃ ላይ በቀጥታ ከተጨመረ ይጓጉላል። ስኳር ላለባቸው ስኳርም ማርም አይጨመርበት። ሆድ ድርቀት ሲመጣ ተልባ ስጡ፣ ብዙ ውሃ ይከተለው፤ መድኃኒት ከሚወሰድበት ጊዜ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ይዞ ያዘገየዋል።

ወተት ወይም እንቁላል ከሐኪም ታዞ ንስሐ አባት ከፈቀዱ በተለየ ዕቃ አብስላችሁ በክብር አቅርቡ። ምንም ቃል አይታከልበት፣ ቀልድም ቢሆን። እናንተ ገና ሳትበሉ እሳቸው ሲበሉ አጠገባቸው ተቀመጡ። ፊታችሁ ጠቁሮ ሰዓት የምታዩ ከሆነ አያስበላቸውም፤ ማቴዎስ 6 ስትጾም ፊትህን ታጠብ የሚለው ለዚህም ይሆናል።

የመርሳት ሕመም ያለባቸው ወላጅ በጾም መካከል ሥጋ ቢጠይቁ ወይም “ዛሬ ፋሲካ ነው” ቢሉ አትከራከሩ። ሲራክ 3 አባትህ ማስተዋሉ ቢጎድልም ታገሠው ይላል። የጾሙን ምግብ አቅርቡ፣ ወሬውን ወደ ሌላ ውሰዱ። በማይቀበሉበት ቀን ያገኙትን ይብሉ፤ የጾሙ ኃላፊነት ከእንግዲህ በእሳቸው ላይ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ጸሎቱን አብራችሁ አድርጉ

ከመግቢያው ሰኞ እስከ ሆሣዕና እሑድ 49 ቀን ነው። በቀን 3 መዝሙር ከተነበበ 147 ይሆናል፤ የቀሩትን 3 በየእሑዱ አንድ አንድ ብትጨምሩ 150ው ከሕማማት በፊት ያልቃል። 176 ቁጥር ያለውን ረጅሙን መዝሙር (በግእዙ 118፣ በአማርኛው 119) ለብቻው ሁለት ቀን ስጡት። ሰው ንባቡን የሚያቋርጠው እዚያ ሲደርስ ነው። ለማካካስ በሌላ ቀን አጫጭሮቹን አራት አራት አንብቡ።

ማን ያንብብ? ዓይናቸው ከቻለ እሳቸው፣ ካልቻለ እናንተ፣ እሳቸው ደግሞ በቃላቸው የሚያውቁትን ይቀበሉ። ውዳሴ ማርያምን ከልጅነታቸው የሚያውቁ አረጋውያን መጽሐፍ ከያዘው ልጃቸው ቀድመው ሲሄዱ ታገኙአቸዋላችሁ። ፈጥናችሁ አትለፏቸው።

ስግደት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉልበት ወይም ወገብ ለሚያማቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ራስን ዝቅ ማድረግ እንደሚበቃ ንስሐ አባት ይንገሯቸው። ከመሬት ብድግ ሲሉ ግፊት ድንገት ስለሚወርድ መደገፊያ ሳይኖር አይስገዱ። ቅዳሜና እሑድ ስግደት የለም፤ ጉልበት ያርፋል።

ወላጅ ሩቅ ሲሆኑ

ዓረብ አገር ላላችሁ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ወይም የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። ዋሽንግተን ላላችሁ ልዩነቱ እስከ መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ 8 ሰዓት ነው፤ የአሜሪካ ሰዓት ሲቀየር 7 ይሆናል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በጾሙ መካከል ነው። አገር ቤት 9 ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 7 የነበረው 8 ይሆናል ማለት ነው። ስልኩን ከበሉ በኋላ ደውሉ። “ደኅና ነዎት?” ሲባሉ ሁሉም ደኅና ናቸው፤ “ዛሬ ምን በሉ? ስኳሩ ስንት አለ?” በሉ። ብር ስትልኩ ለጾሙ መጀመሪያ ይድረስ። ለፋሲካ በግ ብቻ የሚልክ ልጅ 55ቱን ቀን ዘሎታል።

ደረጃ 7፦ ሕማማትና የፋሲካ ሌሊት

በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ሲሠራ ለአረጋውያን የተከካ ባቄላና የተፈተገ ስንዴ ለብቻው እስኪልም ይቀቀል። አክፍሎት፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ ምንም ሳይቀምሱ መቆየት፣ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይደለም። ስቅለት ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ሲውሉ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ወንበር፣ ውሃና አንድ ተረኛ ይኑራቸው፤ ከቻሉ እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ቤት።

የመገደፊያው ሌሊት ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ነው። ሁለት ወር ያህል ሥጋና ቅቤ ያልነካ ሆድ ላይ በሌሊት ዶሮ ወጥ ከእንቁላልና ከቅቤ ጋር ሲወርድበት ማስመለስና ቁርጠት ይመጣል፤ ሐሞት ጠጠር ያለባቸው ደግሞ ሐኪም ቤት ያድራሉ። መጀመሪያ ተልባ፣ ከዚያ ጥቂት አልጫ፣ ዶሮው በማግስቱ ቀን። ጉርሻም ሲሆን ትንሽ ይሁን፤ “በሞቴ” እያሉ አምስተኛውን ማጉረስ ማክበር አይደለም።

ከፋሲካ እስከ በዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ምግቡ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ለጾም ተብሎ የተቀየረው የመድኃኒት መጠን ግን በራሱ አይመለስም። የኢንሱሊኑ፣ የሚያሸናው መድኃኒት፣ የዋርፋሪኑ መጠን በዳግም ትንሣኤ ሳምንት እንዲታይ ቀጠሮውን ገና በነነዌ ያዙት። ስትሄዱ የ55 ቀኑን ልኬት የጻፋችሁበትን ደብተር ለሐኪሙ አሳዩት።